ፈረስና ልብ

ፈረስ መጋለብ የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ፈረሱን ሳይሆን ራሱን ነው። ይህን የምለው ከልጅነቴ እስከ ሽበቴ ከኮርቻ ያልተለየሁ ሰው በመሆኔ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት ያገኘሁት ፈረስ በማይበረክትበት አገር፥ በሸርቆሌ ነው።

የተወለድሁት በአገው ምድር፥ በእንጅባራ አጠገብ ነው። በዚያ አገር ፈረስ የእርሻ ረዳት፥ የሠርግና የለቅሶ ባልደረባ፥ የበዓልም ጌጥ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ቀን ሲያከብር፥ ያጌጡት ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት ያየ ሕፃን ሁሉ ፈረሰኛ መሆንን ይመኛል።

እኔም ተመኘሁ። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመቴ ከአባቴ ፈረስ ወድቄ ክንዴ ከተሰበረ በኋላ፥ የኮቴ ድምፅ በሰማሁ ቍጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። አባቴ አልተቆጡኝም፤ «አብላው፥ አጠጣው፥ ጀርባውን እሸው፤ ስትተዋወቁ ያን ጊዜ ትወጣበታለህ» አሉኝ። ሦስት ወር ሣር ሳጭድለት ቆየሁ። ከዚያም ዛቡን ራሳቸው ይዘው አስቀድሞ በእርምጃ፥ ቀጥሎ በሶምሶማ፥ በመጨረሻም በሽምጥ አስለመዱኝ። ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፊ ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፥ ሰው በቍጣ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ መምከሩን ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አባቴ ግን ፊደል ሳይቈጥሩ ያንኑ ያውቁ ነበር።

ፍርሃቴ እንዲህ ለቀቀኝ፤ በስፍራው ግን ትዕቢት ገባ። በ1987 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ወደ ሸርቆሌ በተመደብሁ ጊዜ፥ የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» የተባለው ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል መዝመታቸውን አስታውሼ፥ እኔም በዚያ አገር በእግሬ አልሄድም ብዬ ከወለጋ ደጋ አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁ። ቀርቀሃው በበዛበት መንገድ ይዤው ስወርድ፥ በአህያ ተቀምጠው የሚሄዱ አንድ የበርታ ሽማግሌ አገኙኝና ቆም ብለው አዩት። «መምህር፥ ይህ ቆላ ለፈረስ አይሆንም፤ ዝንቡ ይገድልብሃል። እንደ እኛ አህያ ግዛ» አሉኝ። እኔ ባደግሁበት አገር ለወንድ ልጅ አህያ ላይ መቀመጥ ነውር ነበርና ምክሩን እንደ ስድብ ቈጠርሁት።

ዝንቡ ግን ትዕቢቴን አላፈረም። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለው በሽታ ደሙን አመነመነው፤ ጎድኑ ወጣ፥ እግሩ አበጠ። መድኃኒት ስፈልግ ጊዜው አልፎ ነበር። በሦስተኛው ወር ዳማዬ በበሬ ላይ ወድቆ አደረ፤ ራሱን በጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያሸልብ ድረስ ተቀመጥሁ። የገደለው ዝንቡ ብቻ እንዳልነበረ ያን ሌሊት አወቅሁ።

በማግሥቱ ሽማግሌው መጡ። «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፤ አህያቸውን አሥረውልኝ ሄዱ። እያፈርሁ ወጣሁበት፤ ተማሪዎቼ ይሥቁብኛል ብዬ ስፈራ አንድም አልሣቀ፤ አባቶቻቸው የሚሄዱበት ነውና። የመንገዱን ድንጋይ ሁሉ ለሚያውቀው ለዚያ ትሑት እንስሳ ዛቡን ባላላሁለት ጊዜ፥ አባቴ ያስተማሩኝን ትምህርት እንደ ገና የጀመርሁ መሰለኝ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። እኔ የምጨምረው ይህን ነው፦ ፈረስ የሚያደርሰው የሚችለውን ያህል ነው፤ የሚችለውን የማወቅ ዕዳም የተቀማጩ ነው። ከመውደቅ ያልፈራ ሰው ደፋር ይባል ይሆናል፤ በራሱ የሚተማመን ፈረሰኛ ግን ከወደቀ በኋላ የሚነሣ፥ ሲነግሩትም የሚሰማ ነው። ዛሬ የልጅ ልጄን ኮርቻ ላይ ሳስቀምጠው አስቀድሜ ሣር አሳጭደዋለሁ፤ ከዚያም ስለ ዳማዬ እነግረዋለሁ።