ደገኛ ማን ነው?



ከዐረብ ኤምሬትስ፣ ይልቁንም በአቡ ዳቢ ካለችው ከባኒያስ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ምእመናን ስለ አንድ ቃል ይጠይቁናል። ልጆቹ እዚያው ተወልደው ፊደል የለዩት ከመጽሐፍ ብቻ ነው። በአማርኛ በተተረጐመ ገድል «ደገኛ አባት» የሚል ሲያገኙ «ደጋ አገር የተወለደ» ማለት ይመስላቸዋል፤ «በረሃ የተወለድነው እኛስ?» ብለውም ያዝናሉ። ጥያቄው የሕፃናት ቢሆንም መልሱ ለአዋቂ ይጠቅማልና ቃሉን በአባቶቻችን ልማድ በአንድምታ እንፈታዋለን።

ደገኛ ማለት የደጋ ሰው ማለት ነው። ከፈረስ ፈረሰኛ፣ ከቆላ ቆለኛ እንዲባል ከደጋም ደገኛ ይባላል። የዘመኑ ሊቃውንት ምድራችንን በከፍታ ሲከፍሉ እስከ 500 ሜትር ያለውን በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ውርጭ ይሉታል። ገበሬው ግን አስቀድሞ በእህሉ ያውቀው ነበር፤ ማሽላው ቆላን፣ ጤፉ ወይና ደጋን፣ ገብሱ ደጋን ይነግረዋል። በአል ዐይን አጠገብ የቆመው ጀበል ሐፊት በዚያ ሜዳ ላይ ትልቅ ተራራ ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። በእኛ ልክ ጫፉ ሳይቀር ቆላ ነው። ባኒያስማ ከባሕሩ እምብዛም ያልራቀች ዝቅተኛ ምድር ናት።

ይህ ስም የመኖሪያ ብቻ ሳይሆን የትውልድም ስም ነው። በጋምቤላ ቆላ ከደጋው አገር የመጣው ሰው ደገኛ ይባላል፤ ልጁም እዚያው ተወልዶ ቢያድግ በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ የባኒያሱ ልጅ በአባቶቹ አገር ቢቈጠር በዚህም ፍቺ ደገኛ ለመባል የሚከለክለው የለም።

አንድም፣ ደገኛ ማለት ደግ፣ ቸር፣ ምግባሩ የቀና ማለት ነው። ደገኛ ሃይማኖት፣ ደገኛ ምግባር ሲባል ተራራ የሚያስብ የለም። ገድሉም «ደገኛ አባት» ያለው በዚህ ፍቺ ነው። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት አንድ ሲሆኑ በንባብ ይለያያሉ፤ ለደጋው ሰው «ገ» ይላላል፣ ለደጉ ሰው «ገ» ይጠብቃል። በልማድ ስንጽፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት አንለይም፤ የሚለየው አፍ ነው። ቃሉን ከአንባቢ አፍ ያልሰማ ልጅ ደጉን አባት ደጋ ላይ ቢፈልገው አይፈረድበትም።

«ቅዱሳኑ ግን ተራራ ይወዱ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ አቡነ አረጋዊ በመሠረቱት በደብረ ዳሞ ዛሬም በገመድ ይወጣል። ነገር ግን የዋልድባ አባቶች በቆላው ሙቀት ቋርፍ እየተመገቡ ይጋደላሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስም ስሙ ደብር ይሁን እንጂ ያለው ከደጋው ወርዶ ከገደሉ ሥር ነው። ከፍታው ለጸሎት ጸጥታ ይረዳል፤ ጽድቅን ግን በልደት አያወርስም።

ለባኒያስ ልጆች ደግሞ ቅርብ ምስክር አለ። የሰፈራቸው ስም የመጣው በኒ ያስ ከሚባለው ነገድ ነው፤ በዚሁ ነገድ ስም የሚጠራ ሲር በኒ ያስ የሚባል ደሴትም በአቡ ዳቢ ባሕር አለ። በዚህ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1992 የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል። በ7ኛውና በ8ኛው ምእተ ዓመት በዚያ የነበሩት መነኰሳት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ወገን ናቸው፤ ከእኛ ጋር በትምህርት ይለያያሉ። ቢሆንም ያ ሞቃት ምድር ጾምና ጸሎትን የማያውቅ አለመሆኑን ፍርስራሹ ይናገራል።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ ደጉ አገልጋይ ማለት ነው። ያ አገልጋይ የተመሰገነው በተቀበለው መክሊት ስላተረፈበት ነው፤ ስለ አገሩ ከፍታ የተጠየቀው የለም። በባኒያስ በሰው ቤት ሽማግሌ እየጦረች፣ ከደመወዟ ከፍላ ታናናሾቿን የምታስተምር እኅታችን ተራራ አልወጣችም። «ከአገሬ ወጥቼ በበረሃ ቀረሁ፤ ከበረከት ራቅሁ» ብላ ስታለቅስም እንሰማታለን። እርሷን በምን ስም እንጠራታለን? «ገ»ን አጥብቀን ደገኛ እንላታለን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ገድሉን ለልጆቻችሁ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ማታ ማታ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። የሚጠብቀውን አጥብቁ፣ የሚላላውን አላሉ። ልጁም «እኔስ?» ብሎ ሲጠይቅ የደጋ አገር ልጅ መሆኑን ንገሩት፤ ደግ መሆኑ ግን በእጁ ያለ ሥራ እንደ ሆነ አስረዱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።