ያልለካነው ጥግ

ባለፈው ክረምት ኢንተርንሺፕ ወጥተን የገጠመንን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ሦስታችንም የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። የተመደብነው አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ነበር። ሥራችን ለምርት መጋዘኑ የዋይፋይ ሽፋን መንደፍ ነው፤ የፎርክሊፍት ሾፌሮች የሚጭኑትንና የሚያወርዱትን በስካነር ሲያነቡ ቁጥሩ ወዲያው ቢሮ እንዲደርስ።

የለካነው ምርቱ ተጭኖ ወጥቶ መጋዘኑ ባዶ ሳለ ነበር። ላፕቶፕ ይዘን እየተራመድን የሲግናሉን ጥንካሬ መዘገብን። ዒላማችን ከኔጌቲቭ 67 ዲቢኤም እንዳይወርድ ነው። የኋለኛው ጥግ ሲቀረን የሰርቪሱ ጥሩምባ ጮኸ። ሶፍትዌሩ ያልለካነውን ቦታ በዙሪያው ካለው ቁጥር ገምቶ አረንጓዴ ቀባው። እኛም ዝም ብለን አስረከብን። ተመሰገንን።

በሳምንቱ መጋዘኑ ሞላ። እስከ ጣሪያው አጠገብ ውኃ ተደረደረ፤ ውኃ ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይውጣል። አንድ ሾፌር፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ዕቃ ጥጉ ጋ ስትደርስ ትደነዝዛለች» አሉን። መጀመሪያ የአክሰስ ፖይንቶቹን ኃይል ጨመርን። አልሠራም። ስካነሩ የእነሱን ሲግናል ይሰማል፤ የራሱ ደካማ ሲግናል ግን ተመልሶ አይደርሳቸውም። ቁጥሩ ካልደረሰ ቆጠራው ይጎድላል። በጉድለቱ የሚጠየቁት ደግሞ እኛ ሳንሆን እሳቸውና ስቶር ኪፐሯ ናቸው።

ያን ቀን መድረሳችን ትዝ አለን። ሒፍዝ ስናሰማ የጠፋብንን ቃል በግምት ከሞላን ኡስታዛችን ይቆጡ ነበር፤ ቆም ካልን ግን ያስታውሱናል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ «ባታውቁትም ባዶ አትተዉ፣ አንዱን አክብቡ» ተብለን ነው ያደግነው። መጋዘኑ ውስጥም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ አከበብን።

ለኃላፊያችን ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ውጤታችን በእሳቸው እጅ ነበርና። ሁሉንም ነገርናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አሁን ሞልቷል፤ አሁን ለኩት» አሉን።

በየመተላለፊያው ተራመድን። ጣሪያ ላይ የነበሩትን ሦስት አክሰስ ፖይንቶች ወደ መተላለፊያዎቹ ጫፍ አወረድን፤ አራተኛ ጨመርን፤ ኃይላቸውን ቀነስን። እንዳይረባበሹም ቻናል 1፣ 6 እና 11ን አከፋፈልናቸው፤ የተደገመውን አራራቅነው።

አሁንም አንዲት ቦታ አልያዘችም። በካርታው ላይ ቀይ እንደሆነች ትተን «እዚህ አይሠራም» ብለን ጻፍንባት። ሾፌሩም ስላወቋት እዚያ ከመግባታቸው በፊት ያነባሉ፤ ቁጥሩም አይጎድልባቸውም።

ዘንድሮ ለምትወጡ፦ መጋዘኑ ሲሞላ ለኩ። ያልለካችሁትን ባዶ ተዉት።