የላስታ ልጆች ደግነትን የሚማሩበት

የገና በዓል፣ ታኅሣሥ 29፣ ሲቃረብ የላስታዋ ላሊበላ በእንግዳ ትሞላለች። ብዙው ምእመን አገር አቋርጦ በእግሩ የመጣ ነው። የከተማዋ ሰዎች ውኃ ይዘው ይጠብቁታል፤ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ጎንበስ ብለው እግሩን ያጥቡታል፣ እህል ውኃም ያቀርቡለታል። ይህን እያየ የሚያድግ ሕፃን ስለ ደግነት ረጅም ምክር አያስፈልገውም።

ምስጋናም የራሱ ወቅት አለው።

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የላስታ ልጃገረዶች የአሸንድዬን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስጦታ ሲቀበሉ ባለቤቱን ይመርቃሉ። ደስታው የጋራ ነው፤ ብቻዋን የምትጨፍር የለችም። ይህንኑ የልጃገረዶች በዓል በሰቆጣ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል ይሉታል።

ወላጆች ሆይ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችሁን ወደ ጓዳ አትሸኟቸው። እጅ ያስታጥቡ፣ ይመረቁም።