ደመወዙን ሳይነግራችሁ ኮሚሽኑን የሚጠይቃችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ሰሞኑን አንዳንድ ወጣቶች «ውጭ አገር እርሻ ላይ ምግብና መኝታ በነፃ እያገኙ መሥራት ይቻላል አሉ፣ እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በዚህ ጉዳይ እኔም ተፈትኜበታለሁና የራሴን ልንገራችሁ።

በዲፕሎማ ተመርቄ ምደባ ስጠብቅ አንድ ደላላ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። ሻንጣ አዝለው የመጡ ፈረንጅ ወጣቶች ቲማቲም ይለቅማሉ፣ ያርማሉ፤ አንዱ በመንሽ ብስባሽ ያገላብጣል። ማታ ከገበሬው ቤተሰብ ጋር አብረው ራት ይበላሉ። ደላላው «አንተ ደግሞ ግብርና ተምረሃል» ሲለኝ ልቤ ሸፈተ። አባቴም ከጥማዱ አንዱን በሬ ሊሸጥልኝ ተስማማ።

ግን ገበያ ከመውጣቱ በፊት ደላላውን አንድ ነገር ጠየቀው፦ «ደመወዙ ስንት ነው?»

«እሱ እዚያ ሲደርስ ይታያል» አለ።

አባቴ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ በሬውን ወደ በረት መለሰው። እኔ ግን ተናድጄ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ቆይቼ በስልኬ ሳነብ ነው የገባኝ። ቪዲዮው ውሸት አልነበረም። ነገሩ «ዉፍ» ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 ሱ ኮፓርድ የምትባል የለንደን ጸሐፊ፣ የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወጥቶ ያለ ኬሚካል የሚያመርቱ ገበሬዎችን እንዲያግዝ ብላ ጀመረችው። ዛሬ በብዙ አገር አለ። ተጓዡ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያግዛል፤ ገበሬው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ሙያውን ያሳየዋል። ደመወዝ የለውም። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ የአባልነት ክፍያው ሁሉ ከተጓዡ ኪስ ነው። ደላላም አያስፈልገውም፤ ምዝገባው በኢንተርኔት በቀጥታ ነው። በአንዳንድ አገር ደግሞ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ለምግብና ለመኝታ ማገዝም እንደ ሥራ ተቆጥሮ ከድንበር ያስመልሳል።

ደላላው ያንን የትምህርት ጉዞ ነው «ሥራ» ብሎ ሊሸጥልኝ የነበረው።

አትሂዱ እያልኳችሁ አይደለም። የራሱ ገንዘብ ኖሮት ለመማር የሚሄድ ሰው ይጠቀማል። ቤተሰብ ለመርዳት ከሆነ ግን ቦታው እሱ አይደለም። ማንም ሰው ቢመጣባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ደመወዙ ስንት ነው? ቪዛው የሥራ ነው ወይስ የጉብኝት? ውሉ የታለ? አንዱን እንኳ ካልመለሰ በሬያችሁን አትንኩ።

መማሩ ደግሞ እዚሁ ይጀመራል። ወንፈል እናውቅበት የለ? ቀበሌያችሁ ውስጥ ጥሩ ብስባሽ የሚያዘጋጅ አርሶ አደር ካለ ሁለት ቀን ሄዳችሁ አግዙት፤ ሙያውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ ቤት ገለባ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ እበትና ትንሽ አፈር በየተራ ደርበን፣ ውሃ አርከፍክፈን፣ በየ3 ሳምንቱ እናገላብጣለን። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይደርሳል። እበቱ የዚያው ያልተሸጠው በሬ ነው።

ይህን ጽሑፍ ልጁ ለመሄድ ለተነሳበት ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። መልካም የሥራ ጊዜ!