«ቲቸር፣ ምን ልንካ?»

ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ አንብቡት፤ ዐረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያላችሁ ግን ጊዜ ባይኖራችሁም አንብቡት። የምጽፈው ልጅቷን አስፈቅጄ ነው፤ ስሟን አልጠራም።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ፎንቆ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ብርድ። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ ሳለ ኢሞ ጮኸ። ከስምንት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች።

«ቲቸር፣ ያስታውሱኛል?» አለች። ከዚያ ድምጿ ተቀየረ።

የምትሠራበት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ኤሲው ደግሞ ሴንትራል የሚሉት ዓይነት። ማሽኑ ያቀዘቀዘውን አየር በኮርኒሱ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ለየክፍሉ ያከፋፍላል። አራት ቀን ሆኖታል፤ ይሠራል ግን አያቀዘቅዝም። ውጭ 45 ዲግሪ ነው። ላይኛው ፎቅ የማዳሟ እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ አሮጊት፣ በሽተኛ። ማዳሟ ደግሞ «አንቺ ስታጸጂ አበላሽተሽዋል፤ የጥገናው ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ብላታለች። በዚያ ደመወዝ ታናሽ ወንድሟ ሆሳዕና ተከራይቶ ይማራል።

«ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም» አለችኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ስለ ትነት፣ ስለ ላተንት ሂት፣ ኮምፕረሰር ጋዙን ሲጨምቀው እንዴት እንደሚሞቅ፣ ሲላላ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ድምፅ ቀርጬ ላክሁላት። በትህትና ሰምታ እንዲህ ብላ መለሰች፦

«ቲቸር፣ እሱን ክፍል ውስጥ ነግረውናል። አሁን ምን ልንካ?»

እውነቱን ልናገር? አላውቅም ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ስንት ዓመት ያንን ምዕራፍ አስተምሬያለሁ። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። ግን ኤሲ ያለበት ቤት አድሬ አላውቅም፤ እኛ አገር ማን ኤሲ ያስፈልገዋል? የፍሪጅ ጀርባ እንኳ ዝቅ ብዬ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሆሳዕና ሄጄ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ፈለግሁ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ በር ላይ ሦስት ፍሪጅ ተደርድሯል። ጉዳዩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

«አየሩ ደካማ ነው? ወይስ አየሩ በደንብ ይነፍሳል፣ ግን አይቀዘቅዝም?»

በቃ። ችግሩን ለሁለት ከፈለው። አየሩ ደካማ ከሆነ መንገዱ ላይ የዘጋው ነገር አለ። አየሩ ጠንካራ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ሙቀቱ ወደ ውጭ እየወጣ አይደለም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን ደወልንላት፤ እሱ እየነገረኝ እኔ በሐዲይሳ አስረዳኋት። ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ግድግዳ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ እዪ። የበረዶ ምልክቱ ላይ ነው? የተሞላው ዲግሪ ከክፍሉ ሙቀት በታች ነው? ፋኑ «ኦን» ላይ ከሆነ ማሽኑ ባያቀዘቅዝም ዝም ብሎ ይነፍሳል፤ «አውቶ» ላይ አድርጊው።

2. ፊልትሮውን አውጪ። አየር ከክፍሉ ተስቦ የሚገባበት ትልቁ ፍርግርግ ውስጥ ነው። ወደ ብርሃን ያዢው፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። እንደ ሪያድ አቧራ ባለበት አገር በየወሩ መታየት አለበት።

3. ፍርግርጎቹን በሙሉ ዙሪያቸውን እዪ። ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ቁም ሣጥን የጋረደው አለ?

4. ማሽኑ ውስጥ ወይም ቱቦው ላይ በረዶ ካየሽ ማቀዝቀዣውን አጥፍተሽ ፋኑን ብቻ ተዪው፤ ለብዙ ሰዓት ይቅለጥ። በቢላ እንዳትነኪው፤ ቱቦው ከተበሳ በእውነትም አበላሸሽ ማለት ነው።

5. ውጭ ያለውን ክፍል ንፋሱ ከሚወጣበት በኩል እጅሽን አቅርበሽ ሞክሪው። ትኩስ አየር መትፋት አለበት። ትኩስ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከቤቱ የወጣ ሙቀት ነዋ!

አምስተኛው ላይ ጠጋኙን አቋረጥኩት። «የቤቱን ሙቀት በምን እንለካ? የትኩሳት መለኪያ ይኖራታል» አልኩ። እንደገና ሳቀብኝ። «መምህር፣ የትኩሳት መለኪያ ለሰው ገላ ነው፤ 20 ዲግሪ የት ያነባል? ማድ ቤት የሥጋ መለኪያ አይጠፋም።» ትክክል ነበር። ፊዚክስ አስተማሪው እኔ ነኝ እንግዲህ!

የሥጋ መለኪያው ተገኘ። አየሩ ተስቦ የሚገባበት ጋ 33፣ የሚወጣበት ጋ 29። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ብቻ። ጤነኛ ማሽን ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ያህል ማውረድ አለበት።

ታች ፎቅ ያለው ፊልትሮ እንደ ምንጣፍ ሆኖ ነበር፤ የላከችልኝን ፎቶ አይቼ ብርድ ልብስ መስሎኝ ነበር። ዋናው አየር መሳቢያ ፍርግርግ ፊት ደግሞ አዲስ ትልቅ ሶፋ ተቀምጧል። ማን አስቀመጠው? ማዳሟ ራሷ፣ ከሳምንት በፊት። ልጅቷ ሶፋውን ጎተተች፣ ፊልትሮውን አጥባ አድርቃ መለሰች። ጣሪያ ላይ ያለውን ማሽን ግን በቀን እንዳትነካ አስጠነቀቅናት። ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ብሬከሩን አጥፍታ፣ በቀስታ በሚፈስ ውኃ የኮንደንሰሩን አቧራ አጠበች። በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ቀጫጭኖቹ ቆርቆሮዎች ይተኛሉ። ክዳኑን እንዳትከፍትም ነገርናት፤ መብራት ጠፍቶም ቢሆን ካፓሲተሩ ውስጥ የሚቀር ኃይል አለ፤ ሰው ይመታል።

በዚያ ማታ ታች ፎቅ 27 ገብቶ 18 ወጣ። ዘጠኝ ዲግሪ! ጋቢዬን ለብሼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ላይኛው ፎቅ ግን አልተሻለውም። ለእሱ ሌላ ማሽን ነው ያለው። አየሩ በደንብ ይነፍሳል፣ ግን ለብ ያለ ነው። ጠጋኙ «ከውጭ ማሽኑ ጋር የተያያዙትን ሁለት ቱቦዎች ትንካ» አለ። ወፍራሙ፣ የተሸፈነው፣ ቀዝቃዛና ላብ ያለው መሆን ነበረበት። ለብ ብሏል።

«እዚህ ላይ እጇን ታንሳ» አለኝ። «ጋዝ አልቆበታል ይሏታል። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ። ባለሙያ ይምጣ፤ መጀመሪያ ቀዳዳውን ይፈልግ፣ ከዚያ ይሙላ።» ይህንኑ በአጭር ዐረብኛዋ ለማዳሟ ነገረቻት። ባለሙያው መጣ፤ መገጣጠሚያ ላይ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቦታ አገኘ። የማጽዳት ጉዳይ አልነበረም። ደመወዟ አልተቆረጠም። ይቅርታ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ ደውላ አመሰገነችኝ። እኔም «አሁን ተመችቶሻላ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ቲቸር፣ የእኔ ክፍል እኮ ጣሪያ ላይ ነው። ኤሲ የለውም። ማሽኖቹ ሙቀቱን የሚተፉት በእኔ መስኮት በኩል ነው።»

ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብያለሁ፦ ኤሲ ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀት ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። «የት ይጥላል?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ያገኘሁት ከእሷ ነው። እኛ ቀሽተን ማሽኑን ስናስተካክል፣ በመስኮቷ የሚገባውን ሙቀት ጨምረንባታል ማለት ነው።

የቻልኩትን ነገርኳት። የሪያድ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥብ አንሶላ ከፋን ፊት መስቀል ይረዳል፤ መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ በአልኮል ስትጠርገን ቀዝቀዝ እንደሚለን ማለት ነው። እንደ ጅዳ ባለ ወበቃማ ከተማ ግን ብዙም አይሠራ። ከ40 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፋን ብቻውን ትኩስ አየር ማንፈስ ነው። ውኃ ጠጪ፣ ራስሽን ካዞረሽ ተናገሪ። ሌላ ምን ልበላት?

በኋላ አሮጊቷ «እኔ ጋ ትደር» ብለዋል። አሁን ከአልጋቸው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ቀዝቃዛ ቦታ አገኘች፤ ግን ሌሊቱም ሥራ ሆነባት፤ አሮጊቷ በነቁ ቁጥር ትነቃለች።

ከፎንቆ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ስንቱ ቤት ልጁን ደቡብ አፍሪካና ዐረብ አገር ልኳል። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ወንድም ይማራል፣ እናት ትታከማለች። እኛ ቤት ሲቀል እነሱ ጋ ምን እየከበደ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? «ብር ላኪ» ከማለት በፊት «የት ነው የምትተኚው?» እንበል። እኔም ያን ልጅ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ዘንድሮ ያንን ምዕራፍ ሳስተምር ከጠጋኙ ሱቅ አንድ የሞተ ፍሪጅ በጋሪ አስመጣሁ። ተማሪዎቼ ጀርባውን ከፍተው ቱቦውን በእጃቸው እየተከተሉ ተማሩ። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ የሣልኩት በመጨረሻ ነው።

አንቺም ይህን ስታነቢ፣ እግዚአብሔር በሰላም ወደ እናትሽ ቤት ይመልስሽ። አተካና ተሠርቶ ይጠብቅሻል፤ ጋቢም አይጠፋም።