ብርድና የማዳበሪያ ኮርኒስ
ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነች። ታዲያ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ቆርቆሮ ቤት መተኛት ምን እንደሆነ የተከራየ ያውቀዋል። እኔና ጓደኛዬ የያዝናት ክፍል ኮርኒስ አልነበራትም። አከራያችን «ለሁለት ጎረምሳ ምን ኮርኒስ ያስፈልጋል!» ስላሉን ራሳችን ተነሣን።

ብረት ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል፤ ባለበት የታገተ አየር ግን ያግዳል። ጋቢ የሚያሞቀን በአራቱ ድርብ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትረን ሰፋንና ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርገን ወጠርነው። የግድግዳውን ስንጥቅ ጭድ በገባበት ጭቃ መረግን፤ ሲደርቅም ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍንበት። (ተኝቼ የማነበው አላጣም፤ ግማሹ ግን የተዘቀዘቀ ነው።)

ያጣላን ከበሩ በላይ ያለችው ቀዳዳ ነች። ጓደኛዬ «ትደፈንና ከሰል እናስገባ» አለ። እኔ እንቢ አልኩ። በታፈነ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ማዳበሪያውስ ቢሆን እሳት መች ይችላል? ደግሞ የሁለት ሰው ትንፋሽ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ቤቱም ይሻግታል።

ሁለት ቀን ተኳረፍን። ቀዳዳዋ ክፍት ነች፤ ምድጃውም እራት እንደተሠራ ደጅ ይወጣል። ጓደኛዬ ሁለት ካልሲ ደርቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።