«መሬቱ ወርቅ ነው!»... ከጋሼ ጋር ጋምቤላ ወርጄ ያየሁት

«ሰው አገር ሄዶ ሺህ ሄክታር መሬት ያዘ» ሲባል ብዙዎቻችሁ ዓይን ላይ የሚመጣው ሰፊ ኮፍያ ያጠለቀ፣ ትራክተር ላይ የተንፈላሰሰ ባለጸጋ ይሆናል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከትራክተሩ በፊት፣ በአንዲት ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው መሬቱን አላየውም፤ መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ደግሞ ወረቀቱን አላየውም። ዛሬ የማጫውታችሁ ሁለቱ ስለተላለፉባት ስለ ጋምቤላ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ልቡ የአገር ቤት ቢሆንም ፓስፖርቱ የአሜሪካ ስለሆነ በወረቀት የውጭ አገር ሰው ነው። በ2005 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ «ጋምቤላ 1,000 ሄክታር ተከራይተን ጥጥ እንዘራለን» ብሎ መጣ። ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ደላላው ካርታውን ዘርግቶ «ጋሼ፣ መሬቱ ወርቅ ነው! እንጨት ብትተክልበት ይበቅላል!» አለው። የጎደለውን ገንዘብ ከባንክ ለመበደር ደግሞ መያዣ ያስፈልጋል። መያዣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአክስቴ ቤት! አክስቴ ታዲያ ልጇን እምቢ ማለት ከበዳትና እኔን ጠርታ «አብረሽው ሂጂ፣ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

እናላችሁ ጥር ወር ላይ በአውቶቡስ ተነሳን። ጅማን አልፈን፣ በደሌ አድረን፣ በማግሥቱ በመቱና በጎሬ በኩል ቁልቁል ወረድን። ጎሬ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትቆዩና ከቡሬ በኋላ አንድ በአንድ ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ደጋው ጫካ ከኋላ ይቀራል፤ አየሩ እንደ እንፋሎት ፊት ላይ ይመጣል። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነች። ማታ ባሮ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ የተጠበሰ አሳ ስትበሉ ግን ሙቀቱንም ድካሙንም ትረሳላችሁ። ውሃው ውስጥ መግባት ካማራችሁ በቅድሚያ የአካባቢውን ልጆች ጠይቁ፤ አዞ እንግዳና ባለቤት አይለይም።

ባሮ በአገራችን መርከብ የተመላለሰበት ወንዝ ነው። ይህቺ ከተማም የተቆረቆረችው በመሬት ኪራይ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። የሚገርመው ልኩ ነው፦ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ! ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል፣ ሱዳን ከእንግሊዝና ከግብፅ አስተዳደር ስትወጣም ኪራዩ እንዲያበቃ ተጽፏል። ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ጀመር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ወጣችና የኪራዩም ዘመን አከተመ። ኪራይ እንዲህ መጠኑም መውጫውም ሲታወቅ ደስ አይልም?

አሁን ደግሞ መቶ ዓመት ዝለሉ። ካሩቱሪ የሚባለው፣ በጽጌረዳ አበባ ስሙ የገነነው የባንጋሎር ኩባንያ፣ በዚያው በኢታንግና በጂካዎ አካባቢ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ። ይህን ካለማ ተጨማሪ 200,000 እንደሚሰጠው ተነግሮ ነበር። የዓመቱ ኪራይ ለአንድ ሄክታር ስንት ይመስላችኋል? ሃያ ብር! በ2003 ዓ.ም. ምንዛሪ ከአንድ ዶላር ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ጋሼም በዚህ ዋጋ ነበር ልቡ የጠፋው። «አየሽ፣ ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ አብዶ ነው የመጣው?» ይለኝ ነበር።

ከከተማው በስተምዕራብ ወደ ኢታንግ ስትሄዱ መሬቱ ጠረጴዛ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር፣ ሰው የሚውጥ ሣር፣ ከላዩ ሰማይ ብቻ። ለከተማ ዓይን «ባዶ መሬት» ይመስላል። ጋሼ ከመኪናው ወርዶ አፈሩን በእጁ አፈሰና ሳቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አንድ የአኙዋክ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘን። አማርኛ የሚችል የሰፈር ልጅ አስተረጎመልን። ጋሼ «አባት፣ እዚህ ቦታ ማን ነው የሚኖረው?» አላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው በምርኩዛቸው ያሳዩን ጀመር። ይሄ ውሃው ሲሸሽ በቆሎ የሚዘራበት ነው፤ ያ ሣር ቤት የሚከደንበት ነው፤ ወዲያ ማዶ ኑዌሮች በበጋ ከብት ይዘው የሚወርዱበት ነው፤ ያኛው ዛፍ መድኃኒት ነው... ባዶ የተባለው መሬት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞላ!

ቀጥለው ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው «ክረምት እስከዚህ ይመጣል» አሉ። ውሃውን ማለታቸው ነው። ጋሼ ዝም አለ። ካሩቱሪም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ባሮ ሞልቶ በቆሎውን በጎርፍ አጥቶ ነበር። ሃያ ብር የተባለው ዋጋ ውስጥ መከላከያ ግድቡ፣ መንገዱ፣ ነዳጁና እስከ ወደብ ያለው ርቀት አልተቆጠረም።

ማታ ያስተረጎመልን ልጅ አሳ ልንጋብዘው አብሮን ተቀመጠ። «እህቴ፣ እኛ ኢንቨስተር አንጠላም፤ ሥራ እንፈልጋለን። ግን እንግዳ ቤት ሲገባ አንኳኩቶ ነው» አለኝ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የመንደር ማሰባሰብ ሥራ ይካሄድ ነበር። መንግሥት «በፈቃደኝነት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ለማቅረብ ነው» ሲል፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ «ብዙዎች ተገደው ነው የተነሱት» ብለው ነበር። ቁጣውም ደም አፍስሷል፦ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አቦቦ አካባቢ ሩዝ ለማልማት 10,000 ሄክታር በተከራየው በሳዑዲ ስታር እርሻ ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ቢያንስ አምስት ሰዎች ተገድለዋል። እንጀራ ፍለጋ የሄደ ሠራተኛ ነው የሞተው። ልጁ ይህን ሲያወራ ጋሼ አሳውን መብላት አቆመ።

በነጋታው ካርታውን ይዘን የሚመለከተው ቢሮ ሄድን። አንድ ትሁት ባለሙያ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ አስገባና አንገቱን ነቀነቀ። ለጋሼ የተባለው መሬት ገሚሱ የሌላ ሰው ስም አለበት! መሬት አንዳንዱን ክልሉ፣ አንዳንዱን ፌዴራሉ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ይህ የጋሼ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ኋላ መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት በጋምቤላ የተደራረበ መሬት መኖሩን አረጋግጧል። ደላላውን ስንደውልለት ስልኩ አይነሳም።

ጋሼ ያን ሌሊት አልተኛም። የአሥራ ስምንት ዓመት ላብ ነው፤ ጓደኞቹም «ፈራህ» ሊሉት ነው። ሲነጋ ግን «እናቴን ቤት አልባ አድርጌ ገበሬ አልሆንም» አለኝና ሻንጣውን ዘጋ። ከጓደኞቹ ሁለቱ ገንዘባቸውን መልሰው ወሰዱ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አኩርፎታል። የካሩቱሪን ውል ደግሞ መንግሥት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. «በውሉ መሠረት አላለማም» ብሎ ሰረዘው፤ ኩባንያው በበኩሉ አልተቀበለውም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ዘመድ ከውጭ መጥቶ «ግቡበት» ሲላችሁ ወይም ራሳችሁ ሰው አገር እርሻ ሲያምራችሁ እነዚህን ያዙ።

አንደኛ፣ መሬቱን በበጋም በክረምትም እዩት። በጥር ያያችሁት መሬት በነሐሴ ሐይቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ «የማን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ይጠቀምበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ አርብቶ አደርም ከግጦሽ መሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው በአንቀጽ 40 ጽፏል። ስለዚህ እዚህ አገር «የእርሻ መሬት ልሽጥልህ» የሚላችሁ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ዋሽቷችኋል።

ሦስተኛ፣ የካርታውን መለኪያ ቁጥር ራሳችሁ ይዛችሁ ቢሮ ድረስ ሂዱ። ደላላ ይዞ አይሂድላችሁ።

አራተኛ፣ ከኪራዩ በፊት የሚሰረዝበትን አንቀጽ አንብቡ። በስንት ዓመት ስንቱን ካላለማችሁ ነው የሚነጠቀው?

አምስተኛና ዋናው፣ የእናት ቤት መያዣ አይሁን። እርሻ ዝናብ ያጣል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ዋጋ ይወድቅበታል። ባንክ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ጋምቤላን ግን ሂዱና እዩዋት፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሳዋን ብሉ፣ ሽማግሌዎቿን አጫውቱ። ለመከራየት የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አንኳኩ። በቸር ይግጠመን!